አንድ መስመር፣ ሁለት መታጠፊያ

ፓይለቱ ከመነሳቱ በፊት ጉልበቱ አጠገብ ባለችው የቁልፍ ሰሌዳ የመውጫ መስመሩን ስም ይመርጣል። ወዲያው ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ላይ መስመሩ ብቅ ይላል፤ በቦይንግ ሐምራዊ፣ በኤርባስ አረንጓዴ። ይህን መንገድ የሚያሰላው የበረራ አስተዳደር ኮምፒውተር ነው፤ አብራሪዎች ኤፍኤምኤስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1982 አገልግሎት የጀመረው ቦይንግ 767 ይህን ኮምፒውተር ይዞ መጣ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከሁለት ዓመት በኋላ 767 ተረከበ።

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ማሽኑ አንድ አይደለም። የ777 እና የ787 ከሃኒዌል ይመጣል፤ የ737 ከቀድሞው ስሚዝስ፣ ከኋለኛው ጂኢ። ኤርባስ ኤ320 ደግሞ ገዢው እንደመረጠው የሃኒዌል ወይም የታለስ ይገጠምለታል። በየ28 ቀኑ የሚታደሰው የመስመር መረጃ አሪንክ 424 በተባለ የጋራ ደረጃ ይጻፋል፤ ጽሑፉን ወደ በረራ የሚለውጠው ግን የየአምራቹ ስሌት ነው። መንገዱ ቀጥ እስካለ ድረስ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ኩርባው ላይ ግን ይወጣል።

አውሮፕላን መታጠፊያው ነጥብ ላይ ሲደርስ እጥፍ አይልም። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ክንፉን ያዘነብልና ማዕዘኑን በውስጥ በኩል ቆርጦ ያልፋል። መቼ ይጀምር? ምን ያህል ያዘንብል? በሰዓት 370 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 25 ዲግሪ ካዘነበለ የኩርባው ራዲየስ 2.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ዲግሪ ካዘነበለ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁለቱም ስሌቶች አልተሳሳቱም፤ ከታች ያለው ሰፈር ግን ድምፁን የሚሰማው ከሁለት የተለያየ ቦታ ነው። እንደ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው ያው ቁጥር እያሳየ ኩርባው ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ይሰፋል።

ከዚህ የሚብሰው «እዚህ ከፍታ ስትደርስ ታጠፍ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ቀለል ያለው አውሮፕላን በብርዱ ማለዳ ቶሎ ይደርስና ቶሎ ይታጠፋል፤ ጭነት የከበደው በቀትር ሙቀት ብዙ ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ አልጥልም። መስመሩን የነደፈው ሰው ምርጫውን ክፍት ትቶለታል።

መፍትሔው ምርጫውን መዝጋት ነው። መነሻው፣ መድረሻው፣ መሐሉና ራዲየሱ አስቀድሞ የተወሰነ ቅስት አለ፤ በዚህ ዓይነቱ መንገድ ላይ ኮምፒውተሩ ነፋሱን እያየ ክንፉን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረገ ቅስቱን ሳይለቅ ይከተላል። ያኔ አሥር አውሮፕላን ቢያልፍ የራዳር ስክሪኑ ላይ ፈለጉ አንድ ክር ይመስላል። ኮምፒውተሩ ይህን ቅስት የማያውቅ አሮጌ አውሮፕላን ሲመጣ ተቆጣጣሪው አቅጣጫውን በሬዲዮ፣ ዲግሪ በዲግሪ እየነገረ ያሳልፈዋል።