ባለ ሦስት ፌዝ መሥመርና የሞተር መነሻ ኮረንቲ

የእህል ወፍጮ፣ የቡና መፈልፈያ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያ መኪና ከውጭ አገር ለማስመጣት የሚጻጻፍ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱንና ዋጋውን ብቻ ነው። ዕቃው ከጉምሩክ ወጥቶ ከተተከለ በኋላ ፊውዙ የሚቃጠል፣ ወይም ሞተሩ እያጉረመረመ አልነሣ የሚል ከሆነ ግን ጉድለቱ በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ሳይጻፍ የቀረ ነገር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይኸውም የመሥመሩ ዓይነትና የሞተሩ መነሻ ኮረንቲ ነው።

በአገራችን ለመኖሪያ ቤትና ለትንንሽ ሱቅ የሚገባው ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት መሥመር ነው። ባለ ሦስት ፌዝ በሚባለው መሥመር ሦስት የፌዝ ሽቦዎች ሲኖሩ፣ በእያንዳንዱ ያለው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው በሢሶ ዙር እየዘገየ ይከተላል እንጂ ሦስቱ ባንድነት አይነሡም። በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ 440 መሆኑ ቀርቶ 380 የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ሙቀጫ ዙሪያ ቆመው ተራ በተራ ሲወቅጡ ሥራው እንደማይቋረጥ ሁሉ፣ የአንዱ ፌዝ ጉልበት ሲወርድ ሌላው ስለሚተካው ሞተሩ ያለ መንገጫገጭ ይዞራል። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ የተፈተነው ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ጥቅሙን በቁጥር ለማየት፣ 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሦስት ፌዝ ሙሉ ሥራ ሲሠራ በየሽቦው 15 አምፔር ያህል ይወስዳል። ይኸው ጉልበት ከአንድ ፌዝ ብቻ ይውጣ ቢባል ከ40 አምፔር በላይ ያስፈልጋል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ግን ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ ነው። የቆመ ሞተር በቀጥታ ከመሥመር ጋር ሲገናኝ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ ኮረንቲ ይስባል፤ ፍጥነቱ ሲሞላ ይህ አላፊ ሁናቴ ያበቃል። ከላይ የጠቀስነው 15 አምፔር ለጥቂት ሰከንድ 90 ይሆናል ማለት ነው። የጎረቤት መብራት የሚደክመው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለመደበኛው ሥራ ብቻ ተለክቶ የተገዛ ጄኔሬተርም ሞተሩን ማስነሣት ያቅተዋል። ይህን ለማቃለል ስታር ዴልታ የሚባለው ማስነሻ ከመሥመሩ የሚሳበውን መነሻ ኮረንቲ ወደ ሢሶ ይቀንሳል። ሻጮች ሁልጊዜ የማይናገሩት ግን የሞተሩ የመነሻ ጉልበትም አብሮ ወደ ሢሶ መውረዱን ነው። ስለዚህ በዚህ ማስነሻ የሚሠራ ወፍጮ እህል ሳይገባበት ባዶውን መነሣት አለበት።

ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ቢቋረጥ በሥራ ላይ ያለ ሞተር ወዲያውኑ ላይቆም ይችላል፤ በቀሩት ሁለት ሽቦዎች አብዝቶ እየሳበ ይግልና ይቃጠላል። ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን የሚያቆም መከላከያ አብሮ ማዘዝ ከጥቅልል ማስጠገን የሚሻል ወጪ ነው። ሞተሩ በተቃራኒ ከዞረ ግን አያሳስብም፤ ባለሙያ ማናቸውንም ሁለት የፌዝ ሽቦዎች ቢያለዋውጥ ይቃናል።

ባለ ሱቆችንም የሚመለከት አለ። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ የማቀዝቀዣው ሞተር በውስጡ የታመቀውን ግፊት መርታት ስለሚሳነው፣ ሳይዞር ከፍተኛ ኮረንቲ እየሳበ ይግላል። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይበጃል።

የሦስት ፌዝ መኪና የሚያዝ ነጋዴ በደብዳቤው ላይ «380 ቮልት፣ 3 ፌዝ፣ 50 ሄርዝ» ብሎ ይጻፍ፤ የማስነሻውንም ዓይነት ይጠይቅ። በተለይ ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ በደቂቃ 1750 ጊዜ ያህል የሚዞር ሞተር እዚህ ወደ 1450 ገደማ ይወርዳል፤ ቮልቴጁም ካልተስተካከለለት ከልክ በላይ ይግላል።