የገና ቀን በፕሮግራም ውስጥ የት ይቀመጥ?

በላስታ ተራሮች በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። በላሊበላ የሚገኘው ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ በመሆኑ ለብቻው ተነቅሎ የሚተካ ክፍል የለውም። የኮምፒውተር ፕሮግራምም በሁለቱም መንገድ ሊሠራ ይችላል። (እርግጥ የቤተ ጊዮርጊስ አናጺዎች እንደ ሶፍትዌር ደንበኛ በየዓመቱ ሐሳቡን የሚለውጥ ባለቤት አልነበረባቸውም።)

ለገና በዓል ወደ ላሊበላ ለሚመጡና እግረ መንገዳቸውን ይምርሐነ ክርስቶስን ለሚጎበኙ እንግዶች አልጋ የሚይዝ ፕሮግራም እንጻፍ እንበል። ገና መቼ ነው? «ታኅሣሥ 29» የሚል ተማሪ የመልሱን ሦስት አራተኛ ብቻ አግኝቷል። ዘመነ ሉቃስ በ6 ቀን ጳጉሜን ካበቃ በኋላ በሚተካው ዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል፣ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ጥምቀት ግን በዚያው ዓመት ከጥር 11 ቀን አልተነቃነቀም። ስለዚህ ነገሩ ቀንን ከአንድ አቆጣጠር ወደ ሌላ የመመንዘር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ደንብ ነው።

ችኩል ፕሮግራም ጸሐፊ ይህን ደንብ «መዝግብ» የሚለው አዝራር ሲጫን በሚሠራው ኮድ ውስጥ ይወሽቀዋል። ኋላም ለሞባይል ስልክ ሌላ ገጽ ሲያዘጋጅ ደንቡን እንደገና ይጽፈዋል። በአንደኛው ገጽ 28ን ቢዘነጋ ስሕተቱ ለሦስት ዓመታት ተሸሽጎ በአራተኛው ብቅ ይላል፤ እንግዳውም ለዋዜማው ብሎ የያዘው አልጋ በበዓሉ ዕለት ማታ ይሆንበታል።

ደንቡን ከገጽታው ለመለየት አስቀድሞ ቀኑን ከአለባበሱ መለየት ያሻል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ቀናትን ሳያቋርጡ የሚቆጥሩበት የጁልያን ቀን ቁጥር ለዚህ ይመቻል። ዓመተ ምሕረቱን «ዓ»፣ ወሩን ከመስከረም ጀምረን ቆጥረን «ወ»፣ ዕለቱን «ቀ» ብንል፣

ቁጥር = 1724221 + 365 × (ዓ − 1) + (ዓ ÷ 4) + 30 × ወ + ቀ − 31

ይሆናል፤ ከ«ዓ ÷ 4» ቀሪው ይጣላል። ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚህ ስሌት 2460317 ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2024ም ይኸው ቁጥር ነው። የመረጃ ቋቱ ቁጥሩን ብቻ ይያዝ። ለላሊበላው እንግዳ ተቀባይ በእኛ አቆጣጠር፣ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው በጎርጎርዮስ፣ ለሚወድ ደግሞ በግዕዝ አኃዝ ማሳየት የገጽታው ፈንታ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለውጭው እንግዳ 9 ሰዓት ሆኖ ይታያል እንጂ ቅጽበቱ አንድ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳለ ፕሮግራምን በሞዴል፣ በእይታና በተቆጣጣሪ ከፍሎ ነበር። ከሦስቱ ደንባችን የሚቀመጠው በሞዴሉ ነው።

መለየቱን ለመፈተን ስክሪኑን ጨርሶ አንሥቶ ለደንቡ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መስጠት ይበቃል፤ ለ2016 28ን፣ ለ2017 29ን፣ ለ2020 ደግሞ 28ን መመለስ አለበት። አዝራር ካልተጫነ የማይመልስ ከሆነ ደንቡ ከገጽታው አልተላቀቀም ማለት ነው።