ከምትንቀጠቀጠው መስመር ጀርባ

ጠጋ በሉማ። ይህን በአዳራሽ ማንም አይነግራችሁም።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ዕረፍት አጥታ ስትከርም፣ በየቴሌቪዥኑ ከፍ ዝቅ የምትል መስመር አይታችኋል። ሰው ሁሉ የመስመሯን ቁመት ሲያይ፣ እኛ መሣሪያ የምንነካካው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ነጥቦቹን። መስመር መሰለቻችሁ እንጂ፣ እሷ እኮ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቁጥሮች ናት! ብዙ ጊዜ በሰከንድ 100። ማን ለቀማቸው? ጨዋታው እዚህ ላይ ነው።

ንዝረት የሚሰማው ጂኦፎን ሆዱ ሲከፈት የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ማግኔት፣ ስፕሪንግና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። መሬት ሲነቃነቅ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተትና ትንሽ ቮልቴጅ ይወጣል። ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ማይክሮኮንትሮለር በምንለው ቺፕ ውስጥ ያለው መለወጫ ነው።

እዚህ ላይ ድምፄን ልቀንስ። ተማሪ ሁሉ የሚጀምርበት አርዱዪኖ ኡኖ አንድ ልኬት የሚጨርሰው በ100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ ወደ 9,600 ልኬት መሆኑ ነው! ታዲያ ተማሪው በሰከንድ 200 እንኳ አልሞላልኝም እያለ የሚያማርረው ለምንድን ነው? ቺፑ ደካማ ነው ይላል። የተሻለ ቦርድ ይገዛልኝ ይላል።

ቺፑ ምንም አላጠፋም። ጊዜውን የበላው ወሬው ነው። ኮዱ እያንዳንዱን ልኬት ለኮምፒውተሩ እየተናገረ ይሄዳል። በተለመደው በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት አንዲት ፊደል ለመላክ ብቻ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ከመስመር መዝጊያው ጋር 6 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 60 ያህል ልኬት ይወሰድ ነበር። የመላኪያውን ፍጥነት ከፍ አድርጉለት፣ ልኬቱንም ሰብሰብ አድርጋችሁ ላኩ፤ ያው ቺፕ ሲሮጥ ታያላችሁ።

ከዚህ የሚፈጥንም አለ። የመለወጫውን ሰዓት ማካፈያ ከ128 ወደ 16 ብታወርዱት በሰከንድ 77,000 ልኬት ድረስ ይሄዳል። ዋጋ ግን አለው፤ የቁጥሩ ጥራት ይወርዳል። መጀመሪያም ቢሆን የኡኖ አንድ እርከን ወደ 5 ሚሊ ቮልት ነው። የሩቅ መንቀጥቀጥ የሚያወጣው ቮልቴጅ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ከፊቱ ማጉያ ይገባል። የእውነተኛ ጣቢያዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ባለ 24 ቢት መለወጫ ይይዛሉ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። መፍጠን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ እኩል መራመድ ነው ቁም ነገሩ። «ለካ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ እንደገና ለካ» የሚል ኮድ ርምጃው ይዛነፋል። ልኬቱን ማስነሳት ያለበት የቺፑ ታይመር ነው። ሜሞሪ ካርድ ደግሞ ሲጽፍ አልፎ አልፎ ቀጥ ይላል። ለ100 ሚሊ ሰከንድ ቢቆም እንኳ 10 ልኬት ጠፋ፤ የመንቀጥቀጡ የመጀመሪያዋ ሞገድም እዚያው ክፍተት ውስጥ ልትገባ ትችላለች። መድኃኒቱ ሁለት ባፈር፣ ማለትም ሁለት ጊዜያዊ መያዣ ነው። አንዱ ስኒ ሲጠጣ ሌላው ይቀዳል።

ዲቾቶ መንገድ ዳር መሣሪያ ተከላችሁ እንበል። የጅቡቲ መስመር ነውና ከባድ መኪና ያልፋል። ከሞተሩ በሰከንድ 90 ጊዜ የሚርገበገብ ንዝረት ቢመጣና እናንተ በሰከንድ 100 ብትለኩ፣ መዝገቡ ላይ የሚታየው በሰከንድ 10 የሚርገበገብ ነው። ቁርጥ የቅርብ መንቀጥቀጥ! አንዴ ቁጥር ከሆነ በኋላ የትኛውም ኮድ አይለየውም። ማጣሪያው መቀመጥ ያለበት ከመለወጫው በፊት፣ ቮልቴጁ ገና ቮልቴጅ ሳለ ነው።

የመጨረሻው ምስጢር ሰዓት ነው፤ መንቀጥቀጡ የት እንደተነሳ የሚሰላው ሞገዱ በደረሰበት ሰዓት ነውና። የመጀመሪያው ሞገድ በድንጋይ ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የቦርዱ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ቢዛነፍ በቀን ወደ 1.7 ሰከንድ ይስታል። የአፋር ሙቀትም ክሪስታሉን አያስተኛውም። 1.7 ሰከንድ በስሌት 10 ኪሎ ሜትር ነው! አዋሽ ላይ የተነሳውን ሌላ ወረዳ ልትሰጡት ነው። ለዚህ ነው በየሰከንዱ ከጂፒኤስ የምትመጣዋን ምት እንደ ዓይናችን ብሌን የምንጠብቃት።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰመራ ወደ ዲቾቶ ስትሄዱ የምታገኟት ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ፈርሳለች። በነሐሴ 1981 ዓ.ም. ዶቢ ተናወጠ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ በኩል መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ፤ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በዚያ አካባቢ መሣሪያ በብዛት የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቢያ በተራራቀበት አገር እያንዳንዷ ተጨማሪ ጆሮ ዋጋ አላት። በርካሽ ቦርድ የሠራች የሰመራ ተማሪም እንደ ሌላው ትቆጠራለች፣ ርምጃዋ እኩል፣ ሰዓቷም ትክክል እስከሆነ ድረስ።

ስለዚህ አንድ ሰው መሣሪያዬ ፈጣን ነው ብሎ ሲኩራራ ፈገግ በሉና ሦስት ነገር ጠይቁት። በልኬትና በልኬት መካከል ያለው ጊዜ እኩል ነው? ማጣሪያው ከመለወጫው በፊት ነው? ሰዓቱንስ ከየት ያመጣል? ሦስቱንም ሳያመነታ ከመለሰ፣ መዝገቡን እመኑት።