የባትላሜራ ሠራተኛው የሌሊት ሳል

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንፍራንዝን አቋርጦ ያልፋል። በእንደዚህ ያሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ሚኒባሱ፣ አይሱዙውና ባጃጁ ሲጋጭ ወይም ሲዝግ የሚጠግነው ባለሙያ ባትላሜራ ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን «ላሜራ ቀጥቃጭ» ማለት ነው። በትልልቅ ጋራዦች ቀጥቃጩ፣ በያጁና ቀለም ቀቢው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በትንሽ ከተማ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ከአንድ ወጣት ረዳት ጋር ሆኖ ሁሉንም ይሠራል።

የመዶሻው ጩኸት ጆሮን ቀስ በቀስ ያደነቁራል፤ የግራይንደሩ ፍንጣሪና የብየዳው ብርሃን ዐይንን ይጎዳሉ። እነዚህን ሠራተኛው ራሱ ያውቃቸዋል። ሠራተኛውም ሆነ ሐኪሙ በቀላሉ የማይጠረጥሩት ከቀለም የሚመጣውን አስም ነው።

የዘመኑ የመኪና ቀለም በአብዛኛው ሃርድነር ከሚባለው ማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ ይረጫል። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለው። ቀለሙ በኮምፕሬሰር ሲረጭ እንደ ጉም ይበተንና ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ይዘልቃል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ኬሚካሉን አንዴ ጠላት ብሎ ከለየው በኋላ ኢምንት መጠን እንኳ የአየር ቧንቧዎችን ለማጥበብ ይበቃል። ይህ እስኪሆን ሳምንታት ወይም ዓመታት ሊያልፉ ስለሚችሉ «ስንት ዓመት ስረጭ ምንም አልሆንኩም» የሚለው መከራከሪያ ዋስትና አይሆንም። የእንግሊዝ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ የመኪና ቀለም ረጪዎች በሥራ ሳቢያ በአስም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሠራተኛ 80 እጥፍ ያህል ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሰዓቱ ነው። ሕመሙ ወዲያው ሊነሣ ቢችልም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሲረጭ የዋለው ሰው ሌሊት ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሲያስጨንቀው «ብርድ መታኝ» ይላል እንጂ ቀለሙን አያነሣም። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው በመሆኑ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግለታል፤ ይህም ተገቢ ነው። አክታው ነጻ ሲሆን ግን አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ይሸኛል። መድኃኒቱን እየወሰደ ጥቂት ቀን ቤቱ ስለሚያርፍ ይሻለዋል፤ ምስጋናውም ለኪኒኑ ይሆናል። ወደ ጋራዡ ሲመለስ ሳሉም አብሮ ይመለሳል።

ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪም የሕመምተኛውን ሥራ ሳይጠይቅ እንዳያልፍ አሳስቦ ነበር። ለዚህ ሕመምተኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ «ሥራ በማይገቡበት ቀን ይቀልልዎታል?» አንድ እሑድ ላይበቃ ይችላል፤ የፋሲካን ሰሞን ዕረፍት አስታውሶ መጠየቅ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል። ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባለው ርካሽ የትንፋሽ መለኪያ ከተገኘ፣ ሕመምተኛው በሥራና በዕረፍት ቀናት፣ በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት ያህል እየለካ ቢመዘግብ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ይታያል።

መከላከያ ተብለው ከሚታመኑት አንዱ ወተት ነው። ወተት ምግብ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚወርደው ወደ ሆድ፣ የቀለሙ ጉም የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅም የስቱኮውን አቧራ በከፊል ይይዝ እንደሆነ እንጂ ይህን ጉም አያግድም። በሽታው መመራትም አይቻልም፤ የሚከረፋው ቲነሩ ነው፣ አይሶሳያኔት ግን ጉዳት በሚያደርስበት መጠን እንኳ በአፍንጫ አይታወቅም። አስተማማኙ መንገድ አየር ማውጫ ያለው ዝግ ክፍልና ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ጭምብል ነው። ይህ በማይገኝበት ጋራዥ፣ ሌሎች ከሄዱ በኋላ ከሰው ርቆ መርጨትና ጉሙ እስኪጠራ ወደ ስፍራው አለመመለስ አደጋውን ይቀንሳል፤ ረጪውን ራሱን ግን አያድነውም። አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድዳል። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ጤናን በሚጎዳ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል። ቲነር ቀላቃዩ ረዳት ስንት ዓመቱ እንደሆነ መጠየቅ እንግዲህ የሐኪምም ጉዳይ ነው።

የሚሳቡ የአስም መድኃኒቶች ስሜቱን ያስታግሳሉ፤ መርጨቱ ከቀጠለ ግን ሳንባው መጎዳቱን አይተውም። ቶሎ የተለየ ሰው የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የዘገየው ሥራውን ከተወ በኋላም አስሙ አብሮት ሊቀር ይችላል። «ሥራህን ተው» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሰሚው የቤተሰብ እንጀራ ነው። ላሜራውን እየቀጠቀጠ ቀለሙን ሌላ ቦታ ለሚሠራ ሰው መስጠት መካከለኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። በዚያው ግቢ ከተረጨ ግን ጉሙ ያገኘዋል። ደርቆ የቆየ ቀለምም ቢሆን በብየዳ ሲግል አይሶሳያኔት እንደገና ስለሚለቅ፣ ከመበየዱ በፊት በሚበየደው ቦታ ዙሪያ ያለው ቀለም በእጅ ተፍቆ መነሣት ይኖርበታል።