በካርቱም የጽሕፈት ሰዓት

በካርቱም ከጥቁር ዓባይ ዳር፣ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ኪችነር ለሟቹ ጄኔራል ጎርዶን መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ከእንግሊዝ ሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ ያሠራውና እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው ኮሌጅ፣ ሱዳን ነፃነቷን በተቀዳጀችበት በ1956 ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲሰየም፣ ከጡቡ ሕንፃ ጋር የእንግሊዞቹን የማስተማሪያ ልሳንም ወርሶ ነበር። ነገር ግን ከ1964ቱ የጥቅምት አብዮት ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ ዐረብኛ ሲዞሩ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ጸንቶ ስለ ቀረ፣ የኬሚስትሪን ሥርዓት በዐረብኛ የቀሰመው ብላቴና የቤተ ሙከራ ዘገባውን በባዕድ ልሳን እንዲጽፍ ግድ ሆነበት።

ለዚህ ደዌ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አገልግሎት ክፍል ተቋቋመ፤ ከ1973 እስከ 1978 የመሩትም ቀድሞ በሊቢያ ያስተማሩት ጆን ስዌልስ ናቸው። ክፍሉ ቋንቋን የዕውቀቱ አገልጋይ አድርጎ፣ የሳይንሱንም ሆነ የሕጉን ተማሪ የትምህርት ዓይነቱ በሚፈልገው እንግሊዝኛ ያሠለጥን ነበር። ስዌልስ ከካርቱም ከወጡ በኋላ፣ በ1981 ከዚያም በ1990 ባሳተሟቸው ሥራዎች፣ የጥናት ጽሑፍ መግቢያ እንዴት እንደሚራመድ ገለጡ፤ ጸሐፊው አስቀድሞ መስኩን ያስተዋውቃል፣ ቀጥሎ ሌሎች ያልደረሱበትን ክፍተት ያመለክታል፣ በመጨረሻም በዚያ ክፍተት ገብቶ ይቀመጣል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር ለተማሪ በቃል ነግሮ «ቤትህ ሄደህ ጽፈህ አምጣ» ማለት፣ ዋና አስተምሬሃለሁ ብሎ ወንዝ ዳር ትቶ እንደ መሄድ ነው፤ ብዕሩ በሚንገዳገድበት ሰዓት መምህሩ አጠገቡ ሊገኝ ይገባል።

ለእኛ ለሐበሾች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና በየዛፉ ጥላ ሥር ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል፣ ወይም ነቅፎ ይመልሰዋል፤ ቅኔው የሚቃናው ደራሲው ቆሞ እየሰማ ነው። (ዛሬ በኮሌጆቻችን ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ስናይ፣ ከዚያ ጉባኤ ምን ያህል እንደ ራቅን እናስተውላለን።)

በሱዳን ደግሞ በ1990 የአል በሺር መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎች ልሳን ዐረብኛ እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔው የባዕድ ልሳንን ሸክም ቢያቀልም፣ ሐሳብን በሥርዓት የማስቀመጡን ድካም ግን በማናቸውም ልሳን የሚያስቀር ዐዋጅ የለም። ቆይቶ ጽሕፈቱ ራሱ በጦርነት ተቋረጠ፤ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ተኩስ ሲከፈት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቅጥር የተገኙ ተማሪዎች ለቀናት መውጫ አጥተው ከረሙ።

ከከተማው ውጭ ባሉት ኸልዋዎች፣ ማለትም በቁርኣን ትምህርት ቤቶቹ፣ ግን ሕፃኑ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የቁርኣኑን ቃል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ፈኪ በሚባለው መምህሩ ፊት ቀርቦ ካነበነበ በኋላም ሰሌዳውን አጥቦ ሌላውን ይጀምራል።