በጠርሙስ የታሸገ ኢነርጂ፦ የአየር ጠመንጃ ፊዚክስና የደኅንነት አያያዝ

ባሩድ ሳይቃጠልና ጭስ ሳይታይ ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ አለ ሲባል የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የአየር ጠመንጃ ታሪክ ረጅም ነው። የቲሮል ተወላጅ የነበረው ባርቶሎሜኦ ጂራንዶኒ የሠራው የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ በኦስትሪያ ጦር ሠራዊት ውስጥ አገልግሎት ላይ ውሎ ነበር። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ ራሱ የአየር ማጠራቀሚያ ሲሆን፣ እርሱን ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል በእጅ መንፋት ያስፈልግ ነበር። መሣሪያው በአሠራሩ እጅግ የረቀቀ ቢሆንም ማጠራቀሚያው አየር እንዳያስወጣ አድርጎ መጠበቅ አስቸጋሪ ስለነበር ሠራዊቱ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ተወው።

በዘመናችን ይኸው መርሕ በስፖርቱ ዓለም ተመልሶ ነግሧል። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከተጀመረ ወዲህ የመድረኩ ቋሚ አካል ሆኗል። ዛሬ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት ጠመንጃ አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሞላ ሲሆን፣ ለመያዝ እንዲመች ሰደፉ የሚታጠፍ ዓይነትም በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለውን መሣሪያ መጠገን ወይም ማሻሻል ለሚሻ ሰው ፊዚክስ ምን እንደሚመክረው ማስረዳት ነው። ምክሩ ግን ጠመንጃ ነክቶ ለማያውቀው የጎሚስታ ሠራተኛና የሆስፒታል ቴክኒሻንም ይጠቅማል።

ስንት ኢነርጂ ተሸክመናል?

0.2 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ እስከ 200 ባር ተሞልቷል እንበል። ይህ ግፊት የመኪና ጎማ ከሚይዘው ወደ 100 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጠርሙሱ በድንገት ቢፈነዳ አየሩ ከአካባቢው ሙቀት ለመውሰድ ጊዜ ሳያገኝ ይስፋፋል፤ በዚህ ሂደት የሚለቀቀው ኢነርጂ ሲሰላ ወደ 7,000 ጁል ይደርሳል። ይህም 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ኢነርጂ ጋር ይስተካከላል። በአንጻሩ ግማሽ ግራም የምትመዝን የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 175 ሜትር ስትበር የያዘችው ኢነርጂ ከ8 ጁል አይበልጥም። እንግዲህ ብዙ ሰው የሚፈራው አፈሙዙን ቢሆንም፣ ለጠጋኙ ከሁሉ የሚያስፈራው ጠርሙሱ ነው።

ጠርሙሶች በውኃ ግፊት የሚመረመሩበት ምክንያትም ከዚሁ ስሌት ይመነጫል። ውኃ ሲጫኑት እምብዛም ስለማይታመቅ ያው ጠርሙስ በ200 ባር ውኃ ቢሞላ የሚያከማቸው ኢነርጂ ከ20 ጁል ያነሰ ነው። ስለሆነም በምርመራ ላይ ሳለ ቢሰነጠቅ ውኃው ይንጠባጠባል እንጂ ስብርባሪው እንደ ጥይት አይወረወርም።

ብረቱን አትንኩ

በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ግፊቱ በሬዲየሱ ተባዝቶ ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል ይገኛል። ሬዲየሱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ200 ባር ጊዜ ውጥረቱ 100 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ክብደቱን ለመቀነስ ሲባል ግድግዳው ተሞርዶ ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ ውጥረቱ እጥፍ ይሆናል። ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ውጥረቱ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ያድጋል። በተጨማሪም መሣሪያው በተሞላና ባዶ በሆነ ቁጥር ብረቱ ስለሚለጠጥና ስለሚመለስ ጥቃቅን ስንጥቆች ከዓመት ወደ ዓመት ያድጋሉ። በመሆኑም ማጠራቀሚያውን መሞረድ፣ መብሳት፣ መበየድ ወይም በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረትም የጠርሙሱ የአገልግሎት ዘመን ያላለፈ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት የተወዳዳሪው ነው።

ዘይት ለምን ይፈነዳል?

የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል፤ አየር በፍጥነት ሲታመቅ ሙቀቱ ይጨምራልና። አየር ከ1 ባር ወደ 200 ባር በቅጽበት ቢታመቅ ሙቀቱ በስሌት ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እርግጥ ነው፣ በተግባር ብረቱ ብዙውን ሙቀት ይወስዳል። ሆኖም ተራ የሞተር ዘይት በጥቂት መቶ ዲግሪ ራሱ ስለሚቀጣጠል የተረፈው ሙቀት ይበቃዋል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሣውም በዚሁ መርሕ ነው። በ200 ባር አየር ውስጥ የኦክስጅኑ ድርሻ ብቻ 42 ባር ያህል መሆኑን ስናስብ እሳቱ ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁለት ሕጎች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ግፊት በሚደርስባቸው ክፍሎች ውስጥ የሚገኙ ጎሚኒዎች የሚቀቡት አምራቹ በፈቀደው፣ ከፔትሮሊየም ነጻ በሆነ የሲሊኮን ግራሶ ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ የመሙያ ቫልቭ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። በንጹሕ ኦክስጅን መሙላት ደግሞ ሕይወትን በገዛ እጅ ለአደጋ መስጠት ነው። በሆስፒታል የኦክስጅን ሲሊንደር ቫልቭ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ እንዳይነካ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማይታየው ውኃ

በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው የውኃ ተን 17 ግራም ገደማ ነው። 40 ሊትር አየር ወደ 0.2 ሊትር ሲታመቅ ቦታው ስለሚጠብብ፣ አብዛኛው ተን ወደ ጠብታ ይለወጣል። ጠብታው በፓምፑ ማጣሪያ ካልተያዘ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ጎሚስታዎች የኮምፕሬሰሩን ታንክ ከሥሩ ከፍተው ውኃ የሚያፈሱት ለዚሁ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በእጅ ፓምፕ ለሚሞላ ሰው ልፋቱ በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ፓምፑም በዚያው ልክ ስለሚሞቅ በየመሐሉ ማሳረፍ ይገባል።

ማሻሻል እስከ ምን ድረስ?

ግፊቱን ከተፈቀደው በላይ ቢጨምሩ ጥይቱ ይፈጥናል የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ሬጉሌተር በሌለው ጠመንጃ ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው የአየሩ ግፊት ራሱ ነው። ግፊቱ ሲበዛ መዶሻው ቫልቩን በበቂ ሁኔታ መክፈት ስለሚሳነው የሚወጣው አየር ያንሳል፤ ጥይቱም ይዘገያል። ከዚህም በላይ ጉዳዩ የሕግ ጥያቄ ያስነሣል። በጀርመን 7.5 ጁል፣ በእንግሊዝ ደግሞ ወደ 16 ጁል ከሚጠጋው ወሰን ያለፈ የአየር ጠመንጃ ከባድ የፈቃድ ግዴታ ያስከትላል። ማንም ሰው መሣሪያውን ከመያዙ በፊት የሚኖርበትን አገር ሕግ ማወቅ አለበት።

ጤናማ ማሻሻያ የሚባለው ግፊት በማይደርስበት ክፍል ላይ የሚደረግ ነው። ከእነዚህም አንዱ የሰደፉ ማጠፊያ ነው። ማጠፊያው ሲላላ የተኳሹ ጉንጭ በተኮሰ ቁጥር ከተለየ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ዐይኑ ከማነጣጠሪያው መስመር ይወጣል። ስለዚህ ብሎኑን ማጥበቅ፣ የተበላውን ፒን መለወጥና የጉንጭ ማረፊያውን ለራስ ቁመት ማስተካከል ተገቢ ነው። ይሁንና ሰደፉ ታጠፈ ማለት ጠመንጃው አይተኩስም ማለት አይደለም። ከመታጠፉ በፊት ጥይቱ መውጣት አለበት።

ማንኛውም ጥገና የሚጀመረው ጥይቱን አውጥቶ አየሩን አምራቹ ባዘዘው መንገድ ሙሉ በሙሉ በመልቀቅ ነው። ማኖሜትሩ ዜሮ ማሳየቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ከሬጉሌተሩ ወዲያ የታመቀ አየር ተደብቆ ሊቀር ይችላልና። አንድ ጥርስ ያለው ክዳን ከወትሮው ይልቅ አልፈታ ካለ ከጀርባው ግፊት መኖሩን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ቁልፉን ማስረዘም ሳይሆን ሥራውን አቁሞ ለባለሙያ መስጠት ይገባል። ጠጋኙም ፊቱን ከክዳኑና ከቫልቩ አቅጣጫ ያርቅ፤ የዐይን መከላከያም ያድርግ።

አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ ስለዚህ በቀላሉ ይናቃል። ነገር ግን በጠርሙስ ሲታሸግ ያከማቸው ኢነርጂ በስሌት የሚታወቅ ነው። በጎሚስታ ኮምፕሬሰርም ሆነ በሆስፒታል ሲሊንደር አጠገብ የሚሠራ ሰው ይህን ስሌት ሊያውቀው ይገባል።