የሚገነፍል የነዳጅ ጉድጓድና ከሥሩ ያለው ውኃ

የነዳጅ መፍሰስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ባሕርና የተሰበረ መርከብ ነው። በአደጋ ከፈሰሰው ድፍድፍ ሁሉ ትልቁ የሚባለው ግን የፈሰሰው በየብስ ነው። በካሊፎርኒያ ሌክቪው የተባለው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1910 ገንፍሎ ለ18 ወራት ያህል ሳይዘጋ ቆየ፤ 9 ሚሊዮን በርሜል ገደማም ተፋ። መቶ ዓመት ቆይቶ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዓለምን ያስጮኸው አደጋ ከዚህ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። የሌክቪው ሠራተኞች አሸዋ በጆንያ ደርድረው፣ አፈር ገድበው ያዳኑት ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ወይ ተነነ፣ ወይ መሬት ጠጣው። የየብስ አደጋ ሊመዘን የሚገባውም በዚህ በጠጣው መሬት ነው፤ ከሥሩ ውኃ አለ? ውኃውንስ የሚጠጣ ሰው አለ?

ጉድጓድ የሚገነፍለው ሚዛን ሲዛባ ነው። በጥልቅ አለት ውስጥ የታፈነው ዘይትና ጋዝ ሽቅብ ይገፋል፤ ቆፋሪዎች ደግሞ ከውኃ፣ ከሸክላ አፈርና ባራይት ከተባለ ከባድ ማዕድን የተበጠበጠ ጭቃ በቱቦ ወደ ታች እየለቀቁ ይጫኑታል። ጭቃው ከቀለለ፣ ወይም በአለት ስንጥቅ ሰርጎ ከጎደለ፣ ጋዝ ይገባል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥርም እየሰፋ የቀረውን ጭቃ ይገፋል። የመጀመሪያው ምልክት ከጉድጓዱ የሚመለሰው ጭቃ ከገባው መብለጡ ነው። ያን ያላየ ሠራተኛ ቀጥሎ የሚሰማው ጩኸት ነው። ሌክቪው ላይ ያልነበረው የጉድጓድ አፍ መዝጊያ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። «እንግዲህ ዛሬ አያሰጋም» የሚል ካለ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መዝጊያው ነበረ፤ አልዘጋም።

ይህ ለድሬዳዋ ሰው ምኑ ነው? ተገቢ ጥያቄ ነው። በኦጋዴን፣ ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ሂላላ ላይ የድፍድፍ ሙከራ ምርት የተጀመረው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ከሐረር ደጋ ወዲያ ናቸው፤ እዚያ የፈሰሰ ዘይት ተራራ ወጥቶ ደቻቱ ወንዝ አይገባም። ድሬዳዋ ግን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶች ከከተማዋ ሰፈሮች ጋር ጎን ለጎን ናቸው። ከጅቡቲ በደወሌ የሚመጣ ቦቴ ቢገለበጥ መጠኑ ከሌክቪው ጋር አይነጻጸርም፤ ላላ ባለ አሸዋ ላይ ሲፈስ ግን መንገዱ አንድ ነው፣ ወደ ታች። ካሉብም ቢሆን «ጋዝ እንጂ ዘይት አይደለም» ተብሎ አይታለፍም፤ ከጋዙ ጋር ኮንደንሴት የተባለ ቀላል ፈሳሽ ነዳጅ አብሮ ይወጣል።

የሚበረታው ተቃውሞ ሌክቪው ይህን ያህል ጉዳት አላደረሰም የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ቦታው ደረቅ ነበር፣ ሰውም ጥቂት። እ.ኤ.አ. በ1991 ኩዌት ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። በጦርነት ከ600 በላይ ጉድጓዶች ሲቃጠሉ ዘይቱ በየጎድጓዳው ተኛ፤ ብርቅ የሆነውን የራውደተይን ጣፋጭ የከርሰ ምድር ውኃም በከለው። እሳቱ በወራት ጠፋ፤ ውኃው አልጠራም። በኦጋዴን ቢርካ ከተባለው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያና ከኤላ ለሚጠጣው አርብቶ አደር የሚቀርበው ምሳሌ ኩዌት ነው። ስለዚህ እዚያ ከእያንዳንዱ አዲስ ቁፋሮ በፊት የየኤላው ውኃ ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ ይቀመጥ፤ አለዚያ ኋላ ውኃው ሲሸት «ድሮም እንዲህ ነበር» የሚለውን ኩባንያ የሚረታበት ማስረጃ አይኖርም። ወጪው ደግሞ ጠርሙስ፣ የቤተ ሙከራ ክፍያና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነው።